ጭራው ቀድሞ ሲመርጥ

በእግር ኳስ ላደግን ለእኛ ሕጉ ግልጽ ነው። የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ የጨረሰ ቡድን ይወርዳል። አሰልጣኙን ያባርራል፣ ደህና ደህና ተጫዋቾቹን ይሸጣል፣ ደጋፊውም አንገቱን ደፍቶ ይከርማል። አሜሪካኖች ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በቤዝቦል ጭራ የሆነ ቡድን አይወርድም። እንዲያውም ከአገሪቱ ጎበዝ ጎረምሶች መካከል የፈለገውን ቀድሞ እንዲያነሳ ሲፈቀድለት ኖሯል። ይህን ሥርዓት «ድራፍት» ይሉታል። ነጻ ገበያን ለዓለም ሲሰብኩ የኖሩት ሰዎች ወደ ገዛ ኳሳቸው ሲመጡ ራሽን ያከፋፍላሉ ማለት ነው።

እኛም መጀመሪያ ስንሰማው «ፍትሕ ማለትስ ይኼ ነው!» ብለን ነበር። ታሪኩን ገባ ብለን ስናየው ግን አንድ ጥያቄ እረፍት ነሳን፦ ፍትሑ ለማን ነው? በየዓመቱ የምርጫው ቀን ሲቃረብ የየቡድኑ ደጋፊ «እገሌን እንውሰድ፣ እገሌን እንተው» እያለ ይሟገታል። ዛሬ ከእነዚያ ሙግቶች አንዱን፣ በ2001 የሚኒሶታ ደጋፊዎችን ለሁለት የከፈለውን፣ እናነሳለን። ለመረዳት ግን ከሥሩ መጀመር አለብን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ቤዝቦልን በፊልም ብቻ ለምታውቁም ይህችን ያዙ፦ ኳሱን የሚወረውር አለ፣ በዱላ የሚመታ አለ፣ ከመቺው ጀርባ ጭምብል አጥልቆ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበል አለ። ይህ የመጨረሻው «ካቸር» ይባላል። ለዛሬ ይበቃናል።)

የሀብታሞች ስብሰባ

ከ1965 በፊት በቤዝቦል ድራፍት የሚባል ነገር አልነበረም። የክለብ መልማዮች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ጎበዝ ልጅ ሲያገኙ ቤቱ ድረስ ይሄዱና እናቱን ደጅ ይጠናሉ። አባትየውን ይጋብዛሉ። ልጅ ለመጠየቅ እንደ ሄደ ሽማግሌ ማለት ነው። ልዩነቱ ለአንዱ ልጅ አምስትና ስድስት ሽማግሌ በአንድ ሳምንት መምጣቱ ነው። ታዲያ ስምም ገንዘብም ያለው ክለብ ያሸንፋል። ኒውዮርክ ያንኪስ ከ1947 እስከ 1964 በነበሩት 18 ዓመታት ውስጥ 15 ጊዜ የአሜሪካን ሊግን ዋንጫ አንስቷል።

ባለቤቶቹ ይህን ፉክክር ለመግታት ብዙ ሞክረዋል። ከ1953 እስከ 1957 በሠራው ሕግ ከ4,000 ዶላር በላይ የፊርማ ክፍያ የተሰጠው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዋናው ቡድን ጋር እንዲቆይ ይገደድ ነበር። ሐሳቡ ክለቦችን ማስፈራራት ነበር። የተጎዳው ግን ልጁ ነው። በኋላ ከታላላቅ ወርዋሪዎች አንዱ የሆነው ሳንዲ ኩፋክስ ለብሩክሊን ዶጀርስ ፈርሞ በ1955 በታችኛው ሊግ እየተጫወተ መማር ሲገባው አብዛኛውን ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ አሳለፈ።

ሕጉም ገንዘቡን አላቆመውም። በ1964 ሪክ ራይካርት የተባለ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ 205,000 ዶላር ተቀበለ። ያኔ የታላላቆቹ ኮከቦች የዓመት ደሞዝ መቶ ሺህ ዶላር አካባቢ እንደነበር ልብ በሉ። አንድ ጨዋታ ያላደረገ ጎረምሳ የኮከቡን እጥፍ ወሰደ። ባለቤቶቹ ደነገጡ። በጁን 1965 ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያው ድራፍት ተካሄደ። አንደኛ የተመረጠው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሪክ መንደይ ሲሆን መራጩ የካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ነበር። የተከፈለውም የራይካርትን ግማሽ ያህል፣ መቶ ሺህ ዶላር ገደማ ነው።

እንግዲህ ድራፍቱ ሁለት አባት አለው። አንደኛው «ደካማው ይደገፍ» የሚለው ነው። እሱን በአደባባይ ይጠሩታል። ሁለተኛው «ዋጋ ይውረድ» የሚለው ነው። እሱን ብዙም አይጠሩትም። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ክለቡ ስምህን ከጠራ በኋላ ሌላ ክለብ ሊያነጋግርህ አይችልም። ወይ ትፈርማለህ፣ ወይ ወደ ትምህርትህ ተመልሰህ ሌላ ዓመት ትጠብቃለህ። ገበያ የወጣ በሬ አንድ ገዢ ብቻ ቢፈቀድለት ዋጋው ምን እንደሚሆን ማንም ገበሬ ይነግረናል።

ሁለት የጥንት ቁስሎች

ምርጫው ከተጀመረ ገና በሁለተኛው ዓመት ደጋፊ እስከ ዛሬ የማይረሳው ስሕተት ተሠራ። በ1966 ቀዳሚ የነበረው ኒውዮርክ ሜትስ ስቲቭ ቺልኮት የተባለ የካሊፎርኒያ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ካቸር፣ መረጠ። ቀጥሎ ያለው የካንሳስ ሲቲው ክለብ ደግሞ ሬጂ ጃክሰንን አነሳ። ጃክሰን 563 ሆም ረን መትቶ በ1993 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ቺልኮት ትከሻውን ተጎድቶ በትልቁ ሊግ አንዲት ቀን እንኳ ሳይጫወት ቀረ። ጃክሰን በኋላ የታለፈው በዘር ምክንያት እንደሆነ ተናግሯል። የክለቡ ሰዎች ደግሞ ካቸር ያስፈልገን ነበር ይላሉ። የዕጣ ነገር ሆኖ በ1973 ሜትስ ለዋናው ዋንጫ፣ ለወርልድ ሲሪስ፣ ሲደርስ የጠበቀው ወደ ኦክላንድ የተዛወረው ያው የጃክሰን ክለብ ነበር። ኦክላንድ 4 ለ 3 አሸነፈ። የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋችም ጃክሰን ሆነ።

ሁለተኛው ቁስል የዚያው የ1973 ነው። ቴክሳስ ሬንጀርስ ዴቪድ ክላይድ የሚባል የ18 ዓመት የሂውስተን ልጅ አንደኛ አድርጎ መረጠ። ወርዋሪ ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ያለው ልጅ በታችኛው ሊግ ሁለት ሦስት ዓመት እንዲበስል ያዛል። የክለቡ ባለቤት ቦብ ሾርት ግን ባዶ ስታዲየም ነበራቸው። ልጁ ትምህርት ቤቱን በጨረሰ በሳምንታት ውስጥ፣ ጁን 27 ቀን 1973፣ ትልቁ ሜዳ ላይ አቆሙት። ከ35,000 በላይ ሰው ገባ። ክላይድ ሚኒሶታ ትዊንስን ገጥሞ አሸነፈ። አገሩ ጨፈረ። ከዚያ በኋላስ? ክንዱም ሕይወቱም ተናጋ፤ በ18 ድልና በ33 ሽንፈት ሥራው አበቃ። በዚያው ዓመት ከእሱ በኋላ ሦስተኛና አራተኛ የተመረጡት ሮቢን ያውንትና ዴቭ ዊንፊልድ ሁለቱም የዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ደጋፊዎች ሁለት ምክር ይዘው ወጡ። አንደኛው፦ የሁለተኛ ደረጃ ካቸር አትመኑ። ሁለተኛው፦ የጎረምሳ ወርዋሪ ክንድ ብርጭቆ ነው። እነዚህ ሁለት ምክሮች ከ28 ዓመት በኋላ ሚኒሶታ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ።

2001፦ የሚኒሶታ ሙግት

ሚኒሶታ ትዊንስ በ1991 ወርልድ ሲሪስን አሸንፎ ነበር። ከ1993 እስከ 2000 ግን ስምንት ዓመት በተከታታይ ከድሉ ሽንፈቱ በዛ። በ2000 በአሜሪካን ሊግ የመጨረሻው ሆነ። በዚያን ዘመን ሁለቱ ሊጎች አንደኛውን ምርጫ ዓመት በዓመት እየተፈራረቁ ይወስዱ ስለነበርና 2001 የአሜሪካን ሊግ ተራ ስለነበረ ዕድሉ ለትዊንስ ደረሰው። ከእሱ ይበልጥ የተሸነፈው የሌላኛው ሊግ ቺካጎ ካብስ ሁለተኛ ሆኖ ጠበቀ።

ዕጩዎቹ በዋናነት ሁለት ነበሩ። አንዱ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ወርዋሪ ማርክ ፕራየር ነው። ከኮሌጅ ከወጡ ወርዋሪዎች ሁሉ የተሻለ ነው የሚሉት ብዙ ነበሩ። ሌላው ጆ ማወር ነው። የ18 ዓመት ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ካቸር። ደግሞም የሴንት ፖል ልጅ፤ ከትዊንስ ስታዲየም ወንዝ ማዶ ተወልዶ ያደገ። በአሜሪካን ፉትቦልም ጎበዝ ስለነበር የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥቶት ነበር።

የፕራየር ወገኖች ክርክር ጠንካራ ነበር። በዚያ ዓመት ቡድኑ ከስንት ዘመን በኋላ ማሸነፍ ጀምሯል። የሚያስፈልገው አሁኑኑ ሜዳ የሚገባ ሰው ነው። ፕራየር በዓመቱ ይደርሳል፤ ካቸሩ ግን ሦስት ዓመት ይፈልጋል፣ ያውም ከደረሰ። ቺልኮትን ረሳችሁት?

የማወር ወገኖችም መልስ ነበራቸው። ወርዋሪ ዛሬ አለ፣ ነገ ክንዱ ከዳው ማለት ነው። ክላይድን ረሳችሁት? ደግሞ ኳስ እየተቀበለ እንዲህ የሚመታ ሰው በአንድ ትውልድ አንዴ ነው የሚገኘው። የአገራችን ልጅ መሆኑ ደግሞ ምርቃት ነው።

በመሃል ግን የማይዋጥ ነገር ነበር፦ ገንዘብ። የፕራየር ዋጋ ከባድ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። የትዊንስ ባለቤት ካርል ፖላድ ባለ ባንክ ቢሊየነር ቢሆኑም በቁጥብነታቸው የታወቁ ነበሩ። ስለዚህ ጁን 5 ቀን ክለቡ የማወርን ስም ሲጠራ ብዙ ደጋፊ «የአገር ልጅ የሚሉት ሽፋን ነው፤ እውነቱ ርካሹን መምረጣቸው ነው» አለ። ቁጥሩም የሚያባብስ ነበር። ማወር 5.15 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ክፍያ ተቀበለ። ፕራየር ከካብስ ጋር የተፈራረመው ውል 10.5 ሚሊዮን ነው።

ጥርጣሬው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ከአምስት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 2001፣ የሊጉ ባለቤቶች ሁለት ክለቦችን ጨርሶ ለማፍረስ 28 ለ 2 ድምፅ ሰጡ። ይፈርሳሉ ተብለው ስማቸው የተነሳው ሞንትሪያልና ሚኒሶታ ነበሩ። ማለትም ደጋፊው ስለ ሦስት ዓመት በኋላ ካቸር ሲጨቃጨቅ፣ ከላይ ያሉት ክለቡ በሚቀጥለው ዓመት ይኑር አይኑር እየተነጋገሩ ነበር። ያተረፈው የሚኒሶታ ፍርድ ቤት ነው፤ ክለቡ በስታዲየሙ ውል መሠረት በ2002 እንዲጫወት ዳኛ አዘዘ። ሊፈርስ የነበረው ቡድን በዚያው ዓመት ምድቡን አሸነፈ።

ማን ረታ?

ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ ዓመቱን አብራችሁ መጥራት አለባችሁ።

በ2003 ብትጠይቁ የረታው የፕራየር ወገን ነው። በዚያ ዓመት 18 ጊዜ አሸንፎ 6 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፣ 245 መቺዎችን በባዶ መለሰ። ማወር ገና ታችኛው ሊግ ነበር። ኦክቶበር 14 ቀን ፕራየር ካብስን ከ1945 ወዲህ ያላየው የወርልድ ሲሪስ በር ላይ አደረሰው። 3 ለ 0 እየመራ አምስት መቺ ብቻ ሲቀረው ነገሩ ሁሉ ተገለበጠና 8 ለ 3 ተሸነፈ። ከዚያ በፊት በነበረው የመስከረም ወር ይህ የ23 ዓመት ልጅ በአንድ ጨዋታ ከ120 በላይ ኳስ ደጋግሞ ወርውሮ ነበር።

በ2006 ብትጠይቁ ፍርዱ ተገልብጧል። ማወር በአሜሪካን ሊግ ታሪክ የመቺዎች አንደኛ የሆነ የመጀመሪያው ካቸር ሆነ። ፕራየር በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ትከሻው እምቢ ብሎት ከሜዳ ወጣ። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ወደ ትልቁ ሊግ ለመመለስ ዓመታት ታገለ፤ አልተመለሰም። በመሃል በ2005 የተመታ ኳስ ክርኑን ሰብሮት ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን በሙሉ ለአሰልጣኝ መስጠትም ለዕድል መስጠትም አያስኬድም። በ2009 ደግሞ ማወር ለሦስተኛ ጊዜ የመቺዎች አንደኛ፣ የሊጉም ኮከብ ተጫዋች ሆነ።

በ2013 ብትጠይቁስ? ማወር በ2010 የስምንት ዓመት የ184 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። በ2013 ኦገስት ኳስ ጭንቅላቱን መትቶት የአንጎል መናወጥ ደረሰበትና ካቸርነቱን ለዘላለም ተወ። ያው «የአገራችን ልጅ» ያለው ደጋፊ «ገንዘባችንን በላ» ማለት ጀመረ። ገንዘቡ የባለቤቱ ነበር፤ ግን ደጋፊ ሁልጊዜ የባለሀብቱን ኪስ የራሱ አድርጎ ይቆጥራል። ማወር በተሰለፈባቸው 10 የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ቡድኑ አንዱንም አላሸነፈም። ይህንንም መዘንጋት የለብንም።

በ2018 ብትጠይቁ ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ቀን፣ የመጨረሻው ጨዋታ የመጨረሻ ዙር ላይ፣ ማወር ለአምስት ዓመት ያልነካውን የካቸር ጭምብል አጥልቆ ብቅ አለ። አንዲት ኳስ ብቻ ተቀበለ፤ ከዚያም ተቀየረ። የሰደበውም ያወደሰውም አብሮ አለቀሰ። በ2024 ዝነኞች አዳራሽ ገባ። ፕራየርም አልጠፋም። በ2020 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪዎች አሰልጣኝ ሆነ፤ ክለቡም በዚያው ዓመትና በ2024 ወርልድ ሲሪስን አሸነፈ። ክንዱ የከዳው ሰው የሌሎችን ክንድ ጠባቂ ሆነ።

እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ማወር ይሻል ነበር የሚል አይደለም። እሱን ዛሬ ማንም ያውቃል፤ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ጥላ የሚሸጥ ሞልቷል። በጁን 2001 በእጅ በነበረው መረጃ ሁለቱም ወገን ልክ ነበር። አንዱ ስለሚቀጥለው ዓመት፣ ሌላው ስለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ያወራ ነበር። እርስ በርስ የተከራከሩ መሰላቸው እንጂ የያዙት ጥያቄ ለየብቻ ነበር። «ማንን እንምረጥ» ከማለታቸው በፊት «መቼ ማሸነፍ ነው የምንፈልገው» ብለው ቢነጋገሩ ግማሹ ጠብ በቀረ ነበር።

በሙግቱ ያልተጠየቀው

አንድ ሰው ግን በሁለቱም ወገን ክርክር ውስጥ የለም፦ ልጁ ራሱ። ማወር የተወለደበት ከተማ ክለብ መረጠው፤ ዕድለኛ ነው። ለሌላው ግን ድራፍት ማለት አንድ ማለዳ ስልክ ተደውሎ የት እንደምትኖርና ለማን እንደምትሠራ ሲነገርህ ማለት ነው። የሕግ ተማሪ ተመርቆ «አንተ ለእገሌ ቢሮ ደርሰሃል፤ ካልፈለግህ ጥብቅና የለም» ቢባል ምን ይላል? ዳኒ ጉድዊን የሚባል ተጫዋች በ1971 አንደኛ ተመርጦ እምቢ ብሎ ኮሌጅ ገባ። በ1975 እንደገና አንደኛ ተመረጠ። ሁለት ጊዜ አንደኛ የተባለ ብቸኛው ሰው ነው። እምቢ ለማለት አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

ዛሬ ደግሞ ገደቡ ጠብቋል። ከ2012 ወዲህ ክለብ ለተመረጡ ልጆች የሚያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው አልፎ የከፈለ ይቀጣል። ቡድኖች ሆን ብለው እየተሸነፉ አንደኛ ምርጫ ይሻማሉ የሚል ወቀሳ ስለበዛ ከ2023ቱ ምርጫ ጀምሮ የፊተኞቹ ቦታዎች በዕጣ ሆነዋል። ጭራ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ዕጣም ያስፈልጋል። ዙሮቹም ተቆርጠዋል። በ2019 አርባ ነበሩ፤ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት አምስት ብቻ ሆኑ፤ ከ2021 ጀምሮ ሃያ ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለምን እንደሚያሳስበን እንንገራችሁ። ጁላይ 24 ቀን 2016 በኩፐርስታውን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ዝነኞች አዳራሽ ገቡ። አንዱ ኬን ግሪፊ ታናሹ ነው። በ1987 አንደኛ የተመረጠ፤ ከአንደኞች ሁሉ ወደ አዳራሹ የገባ የመጀመሪያው። ሌላው ማይክ ፒያዛ ነው። በ1988 በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ የተመረጠ፤ ያውም አባቱ የዶጀርስ አሰልጣኝ የቶሚ ላሶርዳ ወዳጅ ስለነበሩ እንደ ውለታ። ያ በውለታ የተጠራ ልጅ 427 ሆም ረን መታ።

በዛሬው ሃያ ዙር 62ኛ የሚባል የለም። ሳይመረጥ የቀረ ልጅ ራሱ ክለብ ፈልጎ መፈረም ይችላል፤ ግን ማን በሩን ይከፍትለታል? የሚቀጥለው ምርጫ ሲቃረብ ደጋፊው እንደ ልማዱ ስለ አንደኛው ስም ይሟገት፤ እኛም ብንሆን እንሟገታለን፣ ጣፋጭ ነውና። ሆኖም ከሙግቱ መሃል ዞር ብለን 1,390ኛውንም እንጠይቅለት። ስሙ የሚጠራበት ዙር ቀርቷልና።